የመጀመሪያው ስቱዲዮ ጠባብ ክፍልና የእኛ ሰባ ወንበር፦ የአንድ ወቅት ተውኔቶች እንዴት ይመረጣሉ?

የጓዳ መድረክ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተናል። ወንበሮቹን ብናጠጋጋ ሰባ ሰው ይይዛል፤ ከፍ ያለ መድረክ የለውም፤ ጣሪያውም ዝቅ ያለ በመሆኑ የመብራቱ ነገር እስከ ዛሬ ያነታርከናል። ከመጪው ጥቅምት እስከ ሰኔ ሦስት ተውኔቶችን አጥንተን ለማሳየት አቅደናል። ይሁን እንጂ የትኞቹን እንምረጥ በሚለው ላይ ለሦስት ሳምንት ተከራክረን መስማማት ስላቃተን፣ ከዝርዝሩ በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብዬ ስለ ሞስኮ አርት ቴአትር የመጀመሪያ ስቱዲዮ የተጻፈውን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ በ1898 የመሠረቱት ቴአትር በ1912 ስመ ጥር ቤት ሆኖ ነበር። ስታኒስላቭስኪ ግን በዚያ ጊዜ ስለ ተዋናይ ሥልጠና አዲስ ዘዴ እያውጠነጠነ ነበር፤ ነባሮቹ ተዋንያን ደግሞ ዘዴውን በጥርጣሬ ስላዩት፣ ወጣቶቹን ሰብስቦ በትቬርስካያ ጎዳና ከአንድ ሲኒማ ቤት በላይ በሚገኝ ክፍል እንዲሠሩ አደረገ፤ መሪነቱንም ለጓደኛው ለሱለርዢትስኪ ሰጠው። ከፍ ያለ መድረክ አልነበራቸውም። ተዋናዩና የፊተኛው ረድፍ ተመልካች በአንድ ወለል ላይ ነበሩ፤ ለግድግዳና ለጌጥም በአብዛኛው የተንጠለጠለ ጨርቅ ይበቃቸው ነበር።

በዚያ ክፍልና በኋላ በተዛወሩበት በዚያው ጎዳና ላይ ባለ ሌላ ጠባብ አዳራሽ ካሳዩአቸው ተውኔቶች የመጀመሪያው በ1913 የተመረቀው የሆላንዳዊው የሃይየርማንስ «የተስፋ መርከብ መስጠም» ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ገደማ የጀርመናዊው የሃውፕትማን «የሰላም በዓል» ተከተለ፤ በ1914 መጨረሻ ላይ ከዲክንስ ታሪክ የተዘጋጀው «የምድጃ ሥር ፌንጣ» ታየ፤ በ1915 መጨረሻ ደግሞ የስዊድናዊው የበርገር «የጥፋት ውሃ» ቀረበ። እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ታየኝ። በመጀመሪያው፣ የበሰበሰ መርከብ መሆኑን እያወቀ ባለቤቱ የሚልከው ጀልባ ላይ ሁለት ልጆቿን የሰደደች እናት አለች፤ ባሕሩን ግን አናየውም፤ ማዕበሉን ከግድግዳው ወዲያ እንሰማዋለን እንጂ። በሁለተኛው ለዓመታት ከቤቱ የራቀ አባት በገና ዋዜማ በሩን ከፍቶ ይገባል። በሦስተኛው ምድጃ ዳር ባለ ቤት አንድ እንግዳ ሽማግሌ ይመጣል። በአራተኛው ደግሞ በአንድ የአሜሪካ መጠጥ ቤት ውስጥ ጎርፍ ያገታቸው ሰዎች ሞታችን ቀረበ ብለው ወንድማማች ይሆናሉ፤ ውሃው ሲጎድል ወደ ጠላትነታቸው ይመለሳሉ። አራቱም በአራት ግድግዳ መካከል የሚሆኑ ተውኔቶች ሲሆኑ፣ አደጋው ሁሉ የሚመጣው ከበሩ ውጭ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጠባብ ክፍል ተውኔቶቹን ራሱ ይመርጣል ማለት ይቻላል? እንዲህ ከሆነስ ከአገራችን ተውኔቶች የትኞቹ በዚህ በር በኩል ይገባሉ?

ሦስተኛ ረድፍ

የጓዳ መድረክ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ቴአትር ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን ሁለት እርማት ሳላቀርብ ማለፍ አልችልም። አንደኛ፣ በመሃል የዘለሉት አንድ ተውኔት አለ። በ1914 የቮልከንሽታይን የመንገደኛ ምእመናን ተውኔት ታይቷል፤ መቼቱም ክፍል ሳይሆን መንገድ ነው። ለክርክርዎ የማይመች ስለሆነ የተዉት አይመስለኝም፤ ብዙዎች ስለ ስቱዲዮው ሲጽፉ ስለሚዘሉት እንጂ። እርግጥ ነው፣ ከአምስቱ እጅግ ጥቂት የተወራለትም እሱ መሆኑ ሐሳብዎን ያግዛል እንጂ አያፈርሰውም።

ሁለተኛው እርማት ይበልጥ ይነካችኋል ብዬ እገምታለሁ። «ወቅት» የሚለው ቃል ያሳስታል። እነዚያ ወጣቶች በዓመቱ መጀመሪያ ሦስት ርዕስ ጽፈው ማስታወቂያ አልለጠፉም። ከ1913 መጀመሪያ እስከ 1915 መጨረሻ በተቆጠሩት ሦስት ዓመታት ዐበይት አዳዲስ ዝግጅቶቻቸው አምስት ብቻ ናቸው። እነሱም ስንፍና ያለባቸው ሰዎች አልነበሩም፤ በትልቁ ቴአትር ማታ ማታ እየተወኑ፣ በሕዝብ ትዕይንት ውስጥ አጃቢ እየሆኑ፣ በተረፈቻቸው ሰዓት ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። እናንተ ደግሞ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ሦስት ልታሳዩ አስባችኋል። በተማሪዎቼ ላይ ያየሁትን ልንገርዎ፦ ሦስተኛው ተውኔት ሁልጊዜ ቃለ ተውኔቱ ገና በአፍ ላይ እንዳለ ይመረቃል። በትልቅ አዳራሽ ይህን መብራትና ሙዚቃ ይሸፍነዋል። በእናንተ ክፍል ግን ተዋናዩ ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር ሲፈልግ ዓይኑ ወደየት እንደሚዞር የፊት ረድፉ በሙሉ ያያል።

ስለ አመራረጡም አንድ ነገር ልጨምር። «የተስፋ መርከብ መስጠም»ን ያዘጋጀው ስታኒስላቭስኪ ሳይሆን በዚያን ጊዜ ገና ሃያ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላው ቦሌስላቭስኪ ነበር። «የሰላም በዓል»ን ቫክታንጎቭ፣ «የምድጃ ሥር ፌንጣ»ን ሱሽኬቪች አዘጋጁ። ሦስቱም ከዚያው ከክፍሉ ተዋንያን መካከል የወጡ ናቸው። ስለዚህ ተውኔቶቹን ክፍሉ መረጣቸው ከማለት፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ «ይህን ልሥራው» ብለው አመጡአቸው ማለቱ ለእውነቱ ይቀርባል።

ቆጣሪው

ሁለታችሁንም በጥሞና አነበብኩ፤ ሁለታችሁም ግን ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አላነሳችሁም። እነዚያ ወጣቶች የትልቁ ቴአትር ባልደረቦች ነበሩ። እንጀራቸው ከዚያ ስለሚጋገር ከስቱዲዮው በር ስንት ትኬት ተሸጠ የሚለው ጥያቄ እራታቸውን አይወስንም ነበር። እኔ በአንድ ወቅት በከተማችን ትንሽ አዳራሽ ተከራይተን ቴአትር ስናሳይ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። የአዳራሹ ባለቤት በአራተኛው ወር ኪራዩን ሲጨምርብን፣ ለአምስት ሰው የተጻፈውን ተውኔት ጥለን ለሁለት ሰው የተጻፈ ፈለግን፤ ቀጥሎም አንድ ሰው ብቻውን የሚተውነው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደቀረ ራሳችሁ አስሉት። ተውኔት መራጩ ክፍሉም አዘጋጁም ሳይሆን ኪራዩ ነበር ለማለት ነው። ሰባ ወንበር ሁልጊዜ አይሞላም፤ ግማሹ ይሞላል ብላችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያም ግማሽ ላይ የጓደኛና የዘመድ ነፃ ትኬት ቀንሱ።

የጓዳ መድረክ

ሦስተኛ ረድፍ፣ እርማትዎን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ የመንገደኞቹን ተውኔት በእውነት አላወቅሁትም ነበር። ቆጣሪው፣ አንተም ያልከው አልተሳሳተም፤ ሆኖም ኪራዩን ለዓመቱ በውል ስላሰርነው በአራተኛው ወር የሚመጣብን ነገር አይኖርም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ስድስታችንም ሌላ መተዳደሪያ ስላለን፣ በአንድ በኩል ሁኔታችን ከስቱዲዮዎቹ ልጆች ጋር ይመሳሰላል፦ ገንዘቡ አያስጨንቀንም፣ ድካሙ ግን ያስጨንቀናል። ከሦስት ወደ ሁለት እንውረድ የሚለውን ሐሳብ ለቡድኑ አቀርባለሁ። እስከዚያው ግን የአገራችንን ተውኔቶች ጥያቄ እባካችሁ አትርሱብኝ።

ቁሳቁስ ክፍል

ከመድረክ ጀርባ ረዥም ዘመን ስለኖርኩ ከዚያ በኩል ልናገር። መቼም ስለ ስቱዲዮ ሲወራ ሁሉም ስለ ትወናው ይናገራል፤ ስለ ዕቃው ማንም አያነሳም። «የምድጃ ሥር ፌንጣ» ውስጥ ካሌብ የሚባል ድሃ አሻንጉሊት ሠሪ አለ፤ ዓይነ ስውር ልጁን ቤታችን ያማረ ነው፣ ልብሴም አዲስ ነው እያለ በፍቅር ያታልላታል። (በነገራችን ላይ ፌንጣ ያልነው ሌላ ቃል ብናጣ ነው፤ በሌሊት ከምድጃ ሥር የምትጮኸው ነፍሳት ከፌንጣ ትለያለች።) ካሌብን የተወነው የታላቁ ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ የወንድም ልጅ ሚካኤል ቼኾቭ ሲሆን፣ በዚያ ክፍል የሚታዩትን አሻንጉሊቶች የስቱዲዮው ልጆች ራሳቸው በእጃቸው ሠርተዋቸዋል። እኔ ይህን ከብዙ ነገር በላይ አደንቀዋለሁ። ተዋናይ በእጁ የሠራውን አሻንጉሊት ሲያነሳ ክብደቱን ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ሙጫው እንዳልያዘ ስለሚያውቅ በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ ሦስት ክንድ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ተመልካች ደግሞ ያንን ጥንቃቄ ያየዋል፤ ሰውየው ድሃ መሆኑንም ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

በትልቅ አዳራሽ የምሠራው ሥራ ሌላ ነው። ከካርቶን ተቆርጦ ቀለም የተቀባ ሞሰብ አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ ላለ ሰው ሞሰብ ነው። ባዶ ጀበና ቢቀዳም ማንም አይታዘብም። እናንተ ዘንድ ግን ጀበናው ባዶ ከሆነ ድምፁ ይናገራል፤ ቡና ካለበት ደግሞ ሽታው ክፍሉን ስለሚሞላው ተመልካቹ ቃለ ተውኔቱን ትቶ ቡና ያምረዋል። አንድ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ቦታ ስንሠራ፣ ሽንኩርት መክተፍ ያለባት ተዋናይት በእውነተኛ ሽንኩርት ስታለቅስ የፊት ረድፉም አብሯት አለቀሰ፤ ያ እንባ ደግሞ በተውኔቱ ውስጥ ለሚመጣው ሐዘን አንድ ገጽ ቀድሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርቱን በድንች ለወጥነው። ስለዚህ ተውኔት ስትመርጡ ገፀ ባሕርያቱ ምን ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚያነሱና ምን እንደሚሰብሩ ከወዲሁ ቁጠሩ ብዬ እመክራለሁ። በየምሽቱ ብርጭቆ የሚሰበርበት ተውኔት በሰባ ወንበር ክፍል ውስጥ የፊት ረድፉን እግር ያስፈራል።

ሦስተኛ ረድፍ

እትዬ ቁሳቁስ ክፍል፣ የሽንኩርቱ ነገር ስለ «የሰላም በዓል» የሚነገረውን አስታወሰኝ፤ ጉዳዩ ለጓዳ መድረክ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ቫክታንጎቭ ያንን ቤተሰብ ያዘጋጀው ተዋንያኑ አንዳችም ሳይሸሽጉ እንዲገላለጡ አድርጎ ነበር። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም፣ ሁሉም ለሰላም በተሰበሰቡበት ምሽት እርስ በርሳቸው ይቧጨራሉ። ስታኒስላቭስኪ ልምምዱን ሲያይ አልወደደውም፤ ተዋንያኑ ወደ ስሜት መናወጥ ሄደዋል ብሎ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። እንዲታይ የተፈቀደው የትልቁ ቴአትር ባልደረቦች፣ በተለይም ካቻሎቭ፣ ስለ ወጣቶቹ ከተሟገቱ በኋላ ነው። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ከቫክታንጎቭ ጎን ነበርኩ። አሁን ግን ስታኒስላቭስኪ የሚፈራውን ነገር ይበልጥ እረዳዋለሁ። ቅርበት ተዋናዩን ሁለት ዓይነት ያደርገዋል። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ሰብስቦ፣ ሐሳቡ ብቻ እንዲታይ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ተመልካቹ ትንፋሹን እንደሚሰማ ስላወቀ እንባውን፣ ቁጣውንና መንቀጥቀጡን እንደ ስጦታ ያቀርብለታል፤ ተመልካቹም ከክፍሉ መሸሽ ስለማይችል ታግቶ ያያል። በትልቅ አዳራሽ ያለ ልክ የተወነ ሰው ያስቃል፤ በጠባብ ክፍል ግን ያሳፍራል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

የተውኔቶቹን ቅደም ተከተል ከዚህ አንጻር ተመልከቱት። ከ«ሰላም በዓል» በኋላ ባለው ዓመት፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሱለርዢትስኪ ልጆቹን ወደ ዲክንስ መራቸው። ሱለርዢትስኪ የቶልስቶይ ሐሳብ ተከታይ ነበር፤ ወታደር አልሆንም ብሎ የተቀጣ፣ ዱኾቦር የሚባሉትን በሃይማኖታቸው የተነሳ የተሰደዱ ሩሲያውያን በ1899 አካባቢ ወደ ካናዳ በማድረስ የረዳ ሰው ነው። እርሱ የፈለገው ተመልካቹ ከክፍሉ ለሰው እየራራ እንዲወጣ ነበር። እንግዲህ አንድ ተውኔት ያቆሰለውን ሌላው እንዲያክም ሆኖ መቀመጡ በድንገት የሆነ አይመስለኝም። እናንተም ሁለት ተውኔት ካደረጋችሁ፣ ሁለተኛውን ስትመርጡ በመጀመሪያው ተዋንያናችሁ ምን መጥፎ ልማድ እንዳመጡ አይታችሁ ይሁን። ይህ ደግሞ በጥቅምት ሁለቱንም ርዕስ ማስታወቅ አትችሉም ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ቴአትር የምናሳየው አንድ ቅዳሜ ምሽት አዳራሽ ተከራይተን ስለሆነ «ወቅት» የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለንም፤ ተዋናዩ በሁለተኛው ቀን የሚያርመው ነገር አይኖረውም፣ ሁለተኛ ቀን የለምና። ስለዚህ በአንድ ክፍል ለወራት ልትቆዩ መሆኑን ስሰማ ቀናሁ።

ቦሌስላቭስኪ ኋላ ወደዚህ አገር መጥቶ በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴአትር ማቋቋሙን ታውቁ ይሆናል፤ ኋላ ስመ ጥር የትወና መምህራን የሆኑት ሊ ስትራስበርግና ስቴላ አድለር እዚያ ተምረዋል። ከዚያች ክፍል የወጣው ነገር በዚህ መንገድ የአሜሪካንን የፊልም ትወና ሳይቀር ለውጧል።

ስለ አገራችን ተውኔቶች የተጠየቀውን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። መንግሥቱ ለማ ከአንቶን ቼኾቭ አጭር ተውኔት «ድብ» የወሰዱት «ዳንዴው ጨቡዴ» አለ። መነሻው ተውኔት ሦስት ሰው ብቻ ይበቃዋል፦ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አሽከሯና ዕዳ ሊያስከፍል በሩን ጥሶ የሚገባው ሰው። ክፍሉም አንድ ነው። የአንተ መለኪያ፣ አደጋው ከበሩ ውጭ ይመጣል ያልከው፣ እዚህ በሣቅ መልክ ቁጭ ብሏል። እንዲሁም መንግሥቱ ለማ ከእንግሊዛዊው ከፕሪስትሊ ተውኔት ያዘጋጁት «ጠያቂ» አለ፤ እዚያም ራት ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ዘንድ አንድ መርማሪ ይመጣና ሁሉንም አንድ በአንድ ያፋጥጣል። የሚገርመው፣ የፕሪስትሊ ተውኔት መጀመሪያ የታየው በለንደን ሳይሆን በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው። ሁለቱም ሰፊ መድረክ አይሹም፤ አማርኛቸው ግን ቸኩሎ የሚያልፍ አፍ አይወድም።

ቆጣሪው

«ጠያቂ» ሰው ይበዛበታል፤ «ዳንዴው ጨቡዴ» ደግሞ አጭር ስለሆነ ተመልካች ለትኬቱ የምሽት ያህል ይጠብቃል፤ ሁለቱንም አስቡበት።

ደግሞም ስቱዲዮውን ቅዱስ አናድርገው። ሱለርዢትስኪ በ1916 መጨረሻ ሞተ፤ ቫክታንጎቭ በ1922 ሞተ። «የምድጃ ሥር ፌንጣ» በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ታይቶ፣ አብዮቱ ካለፈ በኋላም አልቆመም ነበር፤ ሌኒን በ1922 ሊያይ ሄዶ ስሜታዊነቱ ስላሰለቸው በመሃል ጥሎ እንደወጣ ባለቤቱ ክሩፕስካያ ጽፋለች። በ1924 ስቱዲዮው አድጎ ሁለተኛው የሞስኮ አርት ቴአትር ተባለ፤ መሪው ሚካኤል ቼኾቭ በ1928 አገር ጥሎ ሄደ፤ ቤቱም በ1936 ተዘጋ። ጠባቧ ክፍል በገዛ ፈቃዷ ትልቅ ቤት ስትሆን ምን እንዳጣች የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

የተዘጋው ስላደገ ሳይሆን በ1936 በዚያ አገር ለቴአትር የሚፈቀደው ነገር ስለጠበበ ነው። ሁለቱን አናደባልቅ፤ በዚያ ዘመን ጠባብ ክፍል ቢሆንም አይተርፍም ነበር።

የጓዳ መድረክ

ትናንት ማታ ተሰብስበን ነበርና የተስማማንበትን ላሳውቃችሁ። ሁለት ተውኔት ይሆናል። በመጀመሪያው «ዳንዴው ጨቡዴ»ን እናጠናለን፤ ቆጣሪው ስለ ርዝመቱ ያለው ልክ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ሌላ አንድ ገቢር ያለው ተውኔት በአንድ ምሽት እናሳያለን፤ ያንን ሁለተኛውን ከመካከላችን ታናሿ መርጣ ታዘጋጀዋለች፤ ጣልቃ ላንገባባትም ቃል ገብተናል። ከጥር በኋላ የሚመጣውን ሦስተኛ ረድፍ በመከሩን መሠረት አሁን አንሰይመውም፤ አንድ ባልደረባችን ግን «ጠያቂ»ን ከአፉ አላወጣውም።

ስቱዲዮዎቹ ከልምምድ በኋላ እያንዳንዱ ያየውን የሚጽፍበት የጋራ ደብተር ነበራቸው፤ እኛም አንድ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዝተን በሚስማር ላይ አንጠልጥለናል። እስካሁን የተጻፈበት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ክፍሉ አንድ በር ብቻ ነው ያለው።» ዳንዴው ጥሶ የሚገባበት በር፣ ዘግይቶ የሚመጣው ተመልካች የሚያንኳኳበትም በር ነው። እትዬ ቁሳቁስ ክፍል፣ በዚህ ላይ ምን ይሉናል?

ቁሳቁስ ክፍል

ልጄ፣ ትርዒቱ ሲጀመር በሩን ከውስጥ ቆልፉት። የሞስኮዎቹም ተውኔት ከተጀመረ በኋላ ዘግይቶ የመጣን ሰው እንደማያስገቡ የታወቀ ነው። እናንተ ግን ቁልፉን ተዋናዩ እንዲይዘው አታድርጉ፤ መግባት ያለበት እሱ ነውና። በር ላይ የምትቆመዋ ልጅ ትያዘው፤ ማጠፊያውንም ከምርቃቱ በፊት ዘይት ቀቡት፤ ጩኸቱ ለዳንዴው አገባብ ካልተፈለገ በስተቀር።